ሊኑክስ፣ ክራክ ወይስ ግዢ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ነጻውን ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ሶፍትዌር፣ እንውሰድ ወይስ የኩባንያውን? መልሴ ግን ለሦስቱም አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዎች ነንና አንተ ስልህ አትቀየመኝም። ከዚራ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አምስት ኮምፒውተር አለኝ። አራቱ ታይዋን ገበያ የገዛኋቸው ያገለገሉ ዴስክቶፖች ናቸው፤ አንዱ ዘንድሮ የተገዛ አዲስ ላፕቶፕ ነው። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እንተይባለን። አልፎ አልፎ የሠርግ ካርድ ይመጣል። አሁን ዴስክቶፖቹ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ድጋፌ አልቋል እያለ ያስጨንቀኛል። 11 ልጫን ስል ደግሞ ማሽኑ ብቁ አይደለም ይላል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሁሉንም ሊኑክስ አድርጊውና ተገላገይ፤ ነጻ ነው፣ ቫይረስም የለውም» ይለኛል። ኮምፒውተር የሚሠራልኝ ልጅ ደግሞ «ሊኑክስ የፕሮግራመር ነገር ነው፣ ደንበኛ ይሸሽሻል፤ 11ን ከነክራኩ እጭንልሻለሁ» ይላል። ማንን ልስማ? ልግዛ ካልኩስ ምኑን ልግዛ?
የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ አንተ በይኝ። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚለኝ ሰው ብድር ሊጠይቀኝ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሁለቱም ልጆች ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግን ሁለቱም የዘለሉት ሂሳብ አለ። ስለ ኦፕን ሶርስ የሚጻፈው ሁሉ «የኩባንያው ውድ ነው፣ ይሄኛው ነጻ ነው» ብሎ ይጀምራል። ለጀርመን መሥሪያ ቤት ይሠራ ይሆናል። እኛ ዘንድ ማን ከፍሎ ያውቃል? ዊንዶውሱ በክራክ (ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ)፣ ኦፊሱ በክራክ፣ ፎቶሾፑ በክራክ። ከዜሮ ብር የሚረክስ ነገር ስለሌለ እዚህ አገር ኦፕን ሶርስ በዋጋ አያሸንፍም። ፊትሽ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ ኦፕን ሶርስ፣ ተከፍሎበት የተገዛ፣ እና ክራክ። ቴክኒሻንሽ በነጻ የሚያቀርብልሽ ሦስተኛውን ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ክራክ ሲጫን የመጀመሪያው ትእዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። ሌባ ከመግባቱ በፊት ዘበኛውን አስተኙልኝ ሲል እሺ ማለት ነው። ክራክ ሁሉ ቫይረስ አለው አልልም። የትኛው እንዳለው ግን አንቺም ቴክኒሻንሽም አታውቁም። ፋይል ቆልፈው በዶላር ክፈሉ ከሚሉት ቫይረሶች አንዱ፣ ስቶፕ የሚባለው፣ ዋና መተላለፊያው ክራክ ነው። እኔ ጥገና ቤትም መጥቶ ያውቃል። የተመራቂዎች ጽሑፍ ሁሉ ስሙ ተቀይሮ፣ አልከፈት ብሎ፣ ባለቤቱ ወንበር ብሰጠውም አልቀመጥ ብሎ ቆሞ። ፋይሉ አልተመለሰም። ያንቺ ቤት ደግሞ ከመኖሪያ ቤት ይብሳል። ሰው መታወቂያውን፣ ፓስፖርቱን፣ የቤት ሽያጭ ውሉን፣ የባንክ ስቴትመንቱን ስካን የሚያደርገው አንቺ ጋ ነው። የድሬ ፍላሽ ሁሉ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ሕጉም አለ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። እሱን ለአንቺ ልተወው።

ስለ ዊንዶውስ 10 ያየሽው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት ግን የሚደፍንለት የለም። ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 2019 የሚቆይ የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል፤ ያ ጊዜ መግዣ ነው። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ መሆን አለበት። ታይዋን የሚሸጡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ቴክኒሻንሽ ፍተሻውን ዘሎ ሊጭነው ይችላል፤ ይሠራልም። ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነበት ማሽን ማሻሻያ እሰጣለሁ ብሎ ቃል አልገባም።

ለእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ሊኑክስ የምር ጥሩ ነው። ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት መልኩ ለዊንዶውስ ሰው ይቀርባል፤ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል። እዚህ ላይ የእህትሽ ልጅ ልክ ነው።

ያልነገረሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ያንቺ እንጀራ የአማርኛ ትየባ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የድሮ ፎንቶች፣ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ይዘዋቸው የመጡት፣ የኛን ፊደል በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ደርበው ነበር የሚያስቀምጡት። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ለብዙ ዓመት ሰው በእነሱ መጻፉን አላቆመም። ፎንቱ ካለ «ውል ሰጪ» ብሎ ይነበባል። ከሌለ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርምስ ይወጣል። ዛሬም ደንበኛ በፍላሽ ይዞት የሚመጣ የድሮ ውል ሲከፈት ይሄ ነገር ያጋጥማል። ያንቺም የውል ናሙናዎች ከድሮ ፋይል እየተቀዱ የመጡ ከሆነ እንደዚያው ናቸው። ሊኑክስ ላይ ፎንቱን ብትጭኚው ለማየትና ለማተም ይሆናል። በዚያው ፎንት ለማረም ግን ራሱ ፓወር ግዕዝ ያስፈልግሻል፤ እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። (በነገራችን ላይ ፓወር ግዕዝ የሀገር ልጆች የደከሙበት፣ የሚሸጥ ሶፍትዌር ነው። ስንቶቻችን ከፍለን ጫንነው? «የአሜሪካ ኩባንያ በኛ ክራክ አይደኸይም» ስንል የራሳችንን ሰው አብረን እንደዘረፍን አናነሳም።)

ሁለተኛው ችግር ኒያላ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አታገኚውም። ደንበኛሽ በኒያላ የተጻፈች አንድ ገጽ ማመልከቻ ይዞ ቢመጣ ነጻው ኦፊስ፣ ሊብሬኦፊስ፣ በሌላ ፎንት ይተካታል። መስመሩ ይገፋና ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። ለማመልከቻ ችግር የለውም፣ በደቂቃ ታስተካክይዋለሽ። ባለ 80 ገጽ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ግን ከነማውጫው ይዛባል። ስለዚህ አዲስ ሥራሽን እንደ አቢሲኒካ ባለ ነጻ ፎንት ጀምሪ፤ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይጫናል። ለኅትመት የሚሄደውን ሁሉ በፒዲኤፍ አውጪው።

ለትየባው ኪማን አለልሽ። ድሮ ይሸጥ ነበር፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ኦፕን ሶርስ ሆኗል። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ስልክ ላይ ሳይቀር አማርኛ ይጻፍበታል። ችግሩ ጸሐፊዎችሽ ጋ ነው። ጣታቸው የለመደው ሌላ አቀማመጥ ነው። በገጽ የምትከፍያቸው ከሆነ ደግሞ ፍጥነታቸው ሲወርድ ኪሳቸው ይጎዳል። መጀመሪያ የሚያኮርፉብሽ እነሱ ናቸው፣ እውነታቸውንም ነው። ለመለማመጃ የሚሆን ጥቂት ሳምንት ስጪያቸው፤ በዚያን ጊዜ ክፍያቸው አይቀንስ። ይሄ ወጪ ነው። «ነጻ» የተባለው ነገር ሂሳብ ውስጥ አስገቢው።

ሊብሬኦፊስ ለማመልከቻ፣ ለውልና ለሲቪ ይበቃሻል። የመጣበትን ታሪክ ብታውቂ ደግሞ ትወጂዋለሽ። ኦፕን ኦፊስ የሚባለውን የያዘውን ሰን ኩባንያ ኦራክል ገዛው። አዘጋጆቹ ስጋት ገባቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኮዱን ይዘው ወጡና ሊብሬኦፊስ ብለው ቀጠሉ። ማንም አልከሰሳቸውም፤ ፈቃዱ ይፈቅድላቸዋል። እኔ ኦፕን ሶርስን የምወደው ለዚህ ነው፣ በዋጋው አይደለም። ባለቤቱ ሐሳቡን ቢቀይር ፋይልሽን የሚከፍት ሰው አይጠፋም።

የመመረቂያ ጽሑፉን ግን ወርድ ላይ ተዪው። አማካሪው በወርድ አስተያየት ይጽፍበታል፣ ተማሪው ያርማል፣ ተመልሶ ይመጣል። ያ ምልልስ ሁለት ፕሮግራም መሀል ሲሆን ሠንጠረዡና ገጽ ቁጥሩ መላቀቅ ይጀምራል። ተማሪው የሚያውቀው አንቺን ነው፣ የሚወቅሰውም አንቺን ነው።

የሠርግ ካርድ? አልፎ አልፎ ከሆነ ለሱ ብለሽ አትክፈዪ። አዶቢ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲሱን ፎቶሾፕ በኪራይ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ያውም በዶላር። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 አልፏል። ወር በወር የሚመጣ የዶላር ዕዳ ለጽሕፈት ቤት አይመከርም። በምትኩ ነጻው ኢንክስኬፕ ለካርድ ያምራል፤ ጽሑፉን እንደ ቅርጽ ቀይረሽ በፒዲኤፍ ብትልኪ የትም ቢታተም ፎንት አያሳጣሽም። ጊምፕ ፎቶ ለማስተካከል ይሆናል። የደንበኛን የኮረልድሮው ፋይል ከፍቼ አርማለሁ ብለሽ ግን ቃል አትግቢ፤ ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ነው የሚከፈተው።

«ቫይረስ የለውም» ያለውን ልጅ ትንሽ ልቆንጥጠው። በመጋቢት 2016 ኤክስዜድ የተባለ፣ በየሊኑክሱ ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ላይ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኝቷል። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ኮምፒውተሩ መግቢያ ላይ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ስለዘገየበት ነው የተጠራጠረው። ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው ሄዶ አያገኘውም ነበር። ግን ክፍት ስለሆነ ብቻ ሰው ያየዋል ማለትም አይደለም። ላንቺ የሚጠቅምሽ ሌላ ነው። ፍላሽ ላይ ፎልደሩን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። የተደበቀው ፎልደር ራሱ ይታያል። ስለዚህ አንዱን ሊኑክስ ኮምፒውተር በር ላይ አድርጊና የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይከፈት። ይሄን ብቻ ብታደርጊ ደብዳቤ ስለጻፍሽልኝ አትቆጪም።

አሁን ቅደም ተከተሉ። ዣንዳርም የሚባሉት የፈረንሳይ ፖሊሶች በ2005 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኦፊሱን ቀየሩ፣ ቀጥሎ ብሮውዘሩን። ዊንዶውሱን ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ መተካት የጀመሩት ሰው ከለመደ በኋላ፣ ከ2008 ወዲህ ነው። እስከ ዛሬም በዚያው አሉ። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ደግሞ ሊኑክስ ላይ ብዙ ዓመት ለፍቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። አንቺ እንደ ዣንዳርሞቹ ሁኚ። በዚህ ወር ዊንዶውሱ ላይ እንዳለ ሊብሬኦፊስ፣ ኪማንና አቢሲኒካን ጫኚ። ሰዎችሽ ሲለምዱ ሁለቱን ደካማ ዴስክቶፕ ሚንት አድርጊ። ከመጫንሽ በፊት ከፍላሽ አስነስተሽ ፕሪንተርሽና ስካነርሽ መሥራታቸውን እዪ። ኤችፒ ለሊኑክስ ራሱ ድራይቨር ያወጣል፤ ከሌሎቹ ርካሽ ሌዘሮች መካከል ግን አንጀት የሚያቃጥሉ አሉ። የምትገዢው አንድ ነገር ብቻ ነው። ላፕቶፑ ከዊንዶውስ 11 ፈቃድ ጋር የመጣ መሆኑን አረጋግጪና ለእሱ ብቻ ኦፊስ ግዢ፤ በየዓመቱ የሚታደሰውን ሳይሆን አንዴ የሚከፈልበትን። የመመረቂያ ጽሑፍና የድሮ የፓወር ግዕዝ ፋይል እዚያ ይሠራ። የቀሩት ሁለት ዴስክቶፖች ዊንዶውስ 10 እንደያዙ ከኢንተርኔት ተነጥለው ይተይቡ፣ እስኪሸኙ ድረስ።

አንድ የቀረ ነገር። የእህትሽ ልጅ ተመርቆ ሌላ ከተማ ሲቀጠር ሚንቱን ማን ያይልሻል? ድሬ ውስጥ ዊንዶውስ ፎርማት የሚያደርግ ልጅ በየሱቁ አለ፤ ሊኑክስ የሚያውቅ በጥቂቱ ነው። ቴክኒሻንሽን ከልጁ ጋር አንድ ቅዳሜ አስቀምጫቸው። ምሳ ካንቺ። ቴክኒሻኑ ሊኑክስን የሚጠላው ስለማያውቀው ከሆነ ይለቀዋል። ገቢው በየጊዜው ፎርማት ከማድረግ ስለሚመጣ ከሆነ ግን፣ አቦ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ሐረር ውስጥ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ሹም ነኝ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሒሳባችን በድሮ ፒችትሪ ነው የሚሠራው፤ ቅጂው ከየት እንደመጣ እንኳ የሚያስታውስ የለም። አንድ የቦርድ አባል ጂኤንዩካሽ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር እንጠቀም ብለው ሐሳብ አቅርበዋል። አስተያየትዎ ምንድን ነው?
ሒሳብ ሹም፣ ከሐረር

መልስ፦ ጋሼ፣ ጂኤንዩካሽ የዋዛ አይደለም። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ዴቢትና ክሬዲቱን በሥርዓቱ ይይዛል። የሒሳብ ዘመኑን መጀመሪያ እርስዎ ስለሚወስኑት ሐምሌ 1ን አድርገው መጀመር ይችላሉ። ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። እንከኑ፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መዝገብ ላይ ሊጽፍበት አይችልም። ካሸሯ የትምህርት ቤት ክፍያ ስታስገባ እርስዎ ጠብቀው ነው የሚገቡት። የኛን የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ፣ የሠራተኛውን 7 እና የአሠሪውን 11 በመቶ፣ አያውቅም። እሱን መቼም ድሮም በኤክሴል ነው የሚሠሩት ብዬ እገምታለሁ።

ቢሆንም እኔ እርስዎን ብሆን አልቀይርም፣ ቢያንስ ወደ እሱ። ምክንያቴ ጡረታዎ ነው። እርስዎን የሚተካው ልጅ ኮሌጅ የተማረው ፒችትሪን ነው። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ «የፒችትሪ ችሎታ ያለው» ይላል። በጂኤንዩካሽ የተያዘ መዝገብ ትተው ቢሄዱ ስልክዎ ጡረታ አይወጣም።

አሁን ያለው ቅጂ ግን እንዲሁ ይቀጥል ማለቴ አይደለም። ፒችትሪ ዛሬ የሚሸጠው ሴጅ 50 በሚል ስም ነው፤ በየዓመቱ የሚታደስ የዶላር ክፍያ ስለሆነ ለትምህርት ቤት ይከብዳል። በብር የሚሸጡ፣ ችግር ሲመጣ ሰው የሚልኩ የሀገር ውስጥ የሒሳብ ሶፍትዌሮች አሉ። ለቦርዱ ሁለት ሦስት ፕሮፎርማ ያቅርቡ። ከዋጋው በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ያስመልሱ፦ ውሉ ቢቋረጥ ሙሉ መዝገባችንን በኤክሴል አውጥተን እንወስዳለን ወይ? «ለዚህ ተጨማሪ ይከፈላል» ወይም «እናያለን» ካለ ይተዉት፣ ስሙ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን። የውጭ ኦዲተራችሁንም ቀድመው ያማክሩ። መቀየሩ ለሐምሌ 1 ይሁን፤ በዓመቱ መካከል ሒሳብ ማዛወር ራስን መቅጣት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሐረር የጤና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ መረጃ ልሰበስብ ባቢሌ እወርዳለሁ። ሁሉም ሰው መረጃውን በኤፒዳታ አስገብቶ ወደ ስታቲስቲክስ መተንተኛው፣ ወደ ኤስፒኤስኤስ፣ ይልካል። የኔ ኤስፒኤስኤስ ክራክ ነው፤ አሁን ፈቃድህ አልቋል ብሎ ዘግቶብኛል። ጓደኛዬ አር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ተጠቀም አለኝ። አማካሪዬ ግን ኤስፒኤስኤስ ብቻ ነው የሚያውቁት።
ተማሪ፣ ከሐረር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤፒዳታው ነጻ ነው፣ እሱን አትንካው። የኤስፒኤስኤሱን ፋይል ሳትቀይር ከሚከፍቱልህ ነጻ ፕሮግራሞች ሁለቱን ልጥቀስልህ። አንዱ ፒኤስፒፒ ነው፤ መልኩ ኤስፒኤስኤስን ይመስላል፣ አቅሙ ግን ያነሰ ነው። ሌላው ጃሞቪ ነው፤ ከውስጥ የሚሠራው አር ራሱ ነው፣ ከላይ ግን በማውስ እየጠቆምክ የምትጠቀምበት ነው። ላንተ ጃሞቪ ይሻልሃል። ሎጂስቲክ ሪግሬሽኑን ይሠራል፣ ኦድስ ሬሾውንም ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ያወጣል። መረጃው አንድ እስከሆነና ሞዴሉን በአንድ ዓይነት እስካዘዝከው ድረስ ቁጥሩ ከኤስፒኤስኤሱ ጋር አንድ ነው። ልዩነት ካየህ መጀመሪያ ማነጻጸሪያ ያደረግከውን ምድብ አረጋግጥ፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች በነባሪነት የሚይዙት ሊለያይ ይችላል።

አማካሪህን በፕሮግራም ስም አትጋፈጣቸው። የሚፈልጉት ሠንጠረዡን ነው። በለመዱት ቅርጽ አሰናድተህ አቅርብላቸው። የአሠራር ምዕራፉ ላይ ግን የተጠቀምክበትን ፕሮግራም ከነቁጥሩ በትክክል ጻፍ። ባልከፈልክበት ኤስፒኤስኤስ «ተተንትኗል» ብሎ በታተመ ወረቀት ላይ መፈረም ጥሩ አይደለም።

ጊዜ ካለህ አርን ጎን ለጎን ልመደው። ትእዛዙ ተጽፎ ስለሚቀመጥ አማካሪህ «ይቺን ቫሪያብል አውጣት» ሲሉህ እንደገና ከዜሮ አትጀምርም። ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል፤ ፓኬጆቹን ለማውረድ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ካምፓስ ዋይፋይ ላይ እያለህ ሁሉንም አውርድና ዋይፋዩን አጥፍተህ አንዴ ሞክራቸው፣ ከዚያ ወደ ባቢሌ ውረድ።